ባሕር ዳር ዘፈን ማስቀረፅ ለምትፈልጉ

ከጣና ዳር ብዙም ሳይርቅ አንዲት ጠባብ ስቱዲዮ አለች። ቅሬታም ስላለኝ ስሟን ትቼዋለሁ። ባለቤቱ ድሮ በየምሽት ክለቡ ሮክ ጊታር ሲጫወት የኖረ ሰው ነው፤ አሁን ዜማ ይሠራል፣ ያቀናብራል፣ ይቀርፃል። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር። ጊታሪስት ፕሮዲውሰር ሲሆን በየዘፈኑ ሶሎ ካልደረደርኩ ይላል። ይሄኛው ግን ጊታሩን ማስቀመጥ ያውቅበታል።

የወንድሜን የማሲንቆ ዘፈን ይዘን ነው የሄድነው፤ ቅኝቱ ትዝታ ነው። አንዱን ማይክ ከማሲንቆው ቆዳ ፊት ለፊት፣ ሌላውን ደጋኑ ጭራውን ከሚነካበት ትንሽ ራቅ አድርጎ ተከለ። የጭራው ፍትጊያ በሄድፎን ሲሰማ ወንድሜ "ይሄማ ይጥፋ" አለ። "ተው አንተ፣ ለዛው እኮ እሱ ነው!" ብሎ ቆጣ አለበት። ጊታሩን ያስገባው አዝማቹ ላይ ብቻ ነው፤ እሱንም ማሲንቆውን ወደ ጊታሩ ሳይሆን ጊታሩን ወደ ማሲንቆው ቃኝቶ።

ሲያወራ ጉስታቮ ሳንታኦላላን ሳያነሳ አይውልም። አርጀንቲናዊ ነው፤ በወጣትነቱ አርኮ ኢሪስ በሚባል ባንድ ሮክን ከአገሩ ባህላዊ ሙዚቃ ጋር ያዋህድ ነበር። ኋላ አሜሪካ ገብቶ የሜክሲኮውን ባንድ ካፌ ታኩባንና ኮሎምቢያዊውን ዘፋኝ ሁዋኔስን ፕሮዲውስ አደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2007 ደግሞ በተከታታይ የፊልም ሙዚቃ ኦስካር ወሰደ። ሮንሮኮ የምትባለውን የአንዲስ ተራሮች ባለ ክር መሣሪያ በዝግታ ነካ ነካ እያደረገ፣ መሀል ላይ ዝም እያለ ነው የሚሠራው። ዘ ላስት ኦቭ አስ የሚባለውን የቪዲዮ ጌም የተጫወተ ሁሉ ሰምቶታል። ከእኛም ቢሆን ኤልያስ መልካን አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በቅንብሩ ነው።

ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም። ሚክሱ "ቅዳሜ ያልቃል" ተብሎ ስንት ቅዳሜ አለፈ፤ ስንደውልም ስልክ አይነሳም። ጀነሬተር ስለሌለ መብራት ከሄደ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። በሩም ድምፅ አይከለክልም፤ አንዱን ምርጥ ቅጂ የባጃጅ ጡሩምባ አበላሽቶብናል። ስለዚህ ማልዳችሁ ግቡ። ሒሳብ የሚያስከፍለው በሰዓት ሳይሆን በዘፈን መሆኑ ጥሩ ነው፣ ግን ሙሉውን ቀድማችሁ እንዳትከፍሉ። ትራኮቹንም፣ ማለትም የየመሣሪያውንና የድምፁን ቅጂ፣ ለየብቻ ተቀበሉ። ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፣ እሱ ጋ አይገኝም።