«ፎርማት ይፈልጋል» ሲሏችሁ ቆም በሉ፤ አዳማ ላይ ኮምፒውተር ለምታስጠግኑ ሁሉ

አዳማ ውስጥ ዴስክቶፕ ያላችሁ ሰዎች፣ ማሽናችሁን ባጃጅ ላይ ከመጫናችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ነገሩ ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ነው የሚሄደው። ኮምፒውተሩ ሥራ ላይ እያለ ድርግም ይላል፣ ወይም ጠዋት ሲከፈት አልነሳ ይላል። ጥገና ቤት ይደርሳል። ሠራተኛው ሽፋኑን እንኳ ሳይፈታ «ዊንዶውሱ ተበላሽቷል፣ ፎርማት ይፈልጋል» ይላል፤ ዲስኩ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን ማለቱ ነው። ይከፈላል፤ የሠርግ ፎቶውም፣ የመመረቂያ ጽሑፉም፣ የሱቁ ሂሳብም አብሮ ይጠፋል። ማሽኑ ሁለት ሳምንት ይሠራና ያው ችግር ይመለሳል። በሁለተኛው ጉዞ ወሬው ይቀየራል፦ «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል። እሱን እዚህ ተዉትና ትንሽ ጨምራችሁ ያንን ውሰዱ።» ማዘርቦርድ ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ ነው፤ «ያንን» የሚሉት ደግሞ እዚያው ያለ ሌላ ማሽን ነው። ኪሳራው እዚህ ላይ ነው። መልቲሜትር (የቮልት መለኪያ) አንስቶ ለክቶ የሚናገር ጠንቃቃ ባለሙያ ከተማው ውስጥ አለ፤ ይህ ጽሑፍ እሱን አይነካውም። የሚነካው ሳይለካ የሚፈርደውን ነው።

ፎርማት የሚነካው ሶፍትዌሩን ብቻ ነው። የደከመ ፓወር ሰፕላይ (የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ለማሽኑ የሚያቀብለው ሳጥን)፣ ያለቀ ባትሪ፣ የላላ ራም (የማሽኑ ጊዜያዊ ማስታወሻ)፣ የሚሞት ሃርድ ዲስክ በፎርማት አይድኑም። ታዲያ ለምን ሁለት ሳምንት ይሠራል? ዲስኩ ላይ የተበላሹ ቦታዎች ካሉ አዲሱ ዊንዶውስ ለጊዜው ጤነኛ ቦታ ላይ አርፎ ይሆናል። ራሙ ጥገና ቤት ውስጥ ተነቅሎ ሲሰካ መገናኛው ጠርቶ ይሆናል። የጥገና ቤቱ መብራትም ከእናንተ ቤት የተሻለ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የከፋው ግን ፎርማቱ ማስረጃውን ማጥፋቱ ነው። ዊንዶውስ ማሽኑ በወደቀ ቁጥር የሚመዘግበው መዝገብ አለ፤ ኢቨንት ቪዌር ይባላል። ዊንዶውስ ሎግስ፣ ከዚያ ሲስተም የሚለውን ስትከፍቱ በቀንና በሰዓት ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። ዲስኩ ሲጠረግ እሱም አብሮ ይጠረጋል።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትመልሱት ጥያቄ፦ የሚሞተው የቱ ጋ ሲደርስ ነው? ቁልፉ ሲጫን መብራትም ፋንም ከሌለ ጉዳዩ የኤሌክትሪክ ነው። ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ፣ በተለይም ጢጥ ጢጥ ካለ፣ ራሙን ጠርጥሩ። የዴል ወይም የኤችፒ ምልክት ታይቶ «ቡት ዲቫይስ አልተገኘም» ካለ ወይ ሴቲንግ፣ ወይ ኬብል፣ ወይ ዲስክ ነው። የዊንዶውስ ምልክት ታይቶ ሰማያዊ ስክሪን ከመጣ ድራይቨርም (ዊንዶውስን ከዕቃው ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም)፣ ዲስክም፣ ራምም ሊሆን ይችላል፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን የስህተት ስም በስልክ ፎቶ አንሱት። እየሠራችሁ ሳለ ያለ ምንም ሰማያዊ ስክሪን፣ ሶኬቱ የተነቀለ ያህል ድርግም ካለ ደግሞ ዊንዶውስን ተዉትና ኃይልንና ሙቀትን ፈትሹ።

ሰው በከንቱ ፋይሉን የሚያጣባት ዋነኛዋ ዕቃ አንዲት ትንሽ ባትሪ ናት። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ክብ ባትሪ፣ ሲአር2032 የምትባለው፣ 3 ቮልት ናት። ሰዓቱንና የባዮስ ሴቲንጉን የምትጠብቀው እሷ ናት፤ ባዮስ ከዊንዶውስ በፊት ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም ነው። ሶኬቱ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ እስካለ ድረስ ፓወር ሰፕላዩ ማሽኑ ጠፍቶ እያለም 5 ቮልት ስለሚያቀብል ባትሪዋ መሞቷ አይታወቅም። መብራት የሄደ ቀን ግን ሁሉም ይረሳል። «መብራት ጠፍቶ ሲመጣ አልነሳ አለ» የሚለው ስሞታ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይመጣል፤ ሰው ግን መብራቱ ያቃጠለው ይመስለዋል።

ባትሪዋ ስትሞት ባዮሱ ወደ ፋብሪካ ሴቲንጉ ይመለሳል። በብዙ የዴል ኦፕቲፕሌክስ ማሽኖች ላይ ሳታ ኦፐሬሽን የሚባለው ሴቲንግ ከፋብሪካ ሲወጣ ሬይድ ላይ ነው፤ ሬይድና ኤኤችሲአይ ማሽኑ ዲስኩን የሚያነብባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው። ዊንዶውሳችሁ የተጫነው ኤኤችሲአይ ላይ ሆኖ ሴቲንጉ ወደ ሬይድ ከዞረ «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» የሚል ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። ዲስኩ ደህና ነው፣ ፋይሉም አለ፤ ማሽኑ ዲስኩን የሚያነብበት መንገድ ብቻ ነው የተቀየረው። ጥገና ቤቱ ፎርማት ሲያደርግ አዲሱን ዊንዶውስ በሬይድ ላይ ይጭነዋል፣ ማሽኑም ይነሳል፣ እናንተም «ዳነ» ብላችሁ ከፍላችሁ ትወጣላችሁ። የጠፋው ፋይል ግን መጥፋት አልነበረበትም።

ምልክቱ ቀላል ነው። ሰዓቱና ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይሄዳሉ፣ ብሮውዘሩ ደህናውን ድረ ገጽ ሁሉ «ደህንነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያለ ይከለክላል፣ ማሽኑ ሲነሳ ኤፍ1 ተጫኑ እያለ ይቆማል። ሶኬቱን ነቅላችሁ የማብሪያ ቁልፉን 10 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፤ ከዚያ መያዣውን በጥፍር ገፋ ስታደርጉት ባትሪዋ ትወጣለች። መልቲሜትሩን ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርጋችሁ ለኩ። 3 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደህና ናት፤ ከ2.8 በታች ከወረደች ቀይሩ። አዲሷን የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ ሆኖ አስገቡ። ሲነሳ ዴል ላይ ኤፍ2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ10 ተጭናችሁ ባዮስ ውስጥ ግቡ፣ ቀኑን አስተካክሉ፣ ዊንዶውሱ የተጫነው ኤኤችሲአይ ላይ ከነበረ የሳታውን ሴቲንግ ወደ ኤኤችሲአይ መልሱ። ሴቲንጉን መቀያየር ፋይል አያጠፋም። አዲስ የሬይድ ቮልዩም ልፍጠር ወይ ብሎ ከጠየቀ ግን እሺ አትበሉ፤ እሱ ያጠፋል።

ሁለተኛው ትልቁ ማጭበርበሪያ ፓወር ሰፕላይ ነው። ጎኑ ላይ በትልቁ «500 ዋት» ተብሎ የተጻፈበት፣ ስታነሱት እንደ ባዶ ቆርቆሮ የሚቀል ዕቃ ገበያ ላይ ሞልቷል። በትልቁ የተጻፈውን ተዉትና ትንሿን ሰንጠረዥ አንብቡ። 12 ቮልት በሚለው ዓምድ ሥር ያለውን አምፔር በ12 አባዙት። 11 አምፔር ካለ 132 ዋት ነው፤ ማዘርቦርዱ፣ ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ በዋነኛነት የሚኖሩት በዚህ መስመር ነው። እውነተኛ የ500 ዋት ዕቃ በዚህ መስመር ላይ ከ35 አምፔር በላይ ይጽፋል። ሰንጠረዡ ጭራሽ ከሌለ አትግዙ። ግራፊክስ ካርድ የሌለው ተራ የቢሮ ዴስክቶፕ በደካማው ዕቃም ለጊዜው ይሠራል። ልጁ ጌም ሊጫወትበት 75 ዋት የሚስብ ካርድ የተጨመረ ቀን ግን መጥፋት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ካርዱ ተበላሸ ተብሎ ሌላ ካርድ ትገዛላችሁ።

የደከመ ፓወር ሰፕላይ ቁልፉ ሦስት አራት ጊዜ ካልተጫነ አያስነሳም፤ ወይም ፋኑ ንቅንቅ ብሎ ይቆማል። ኢቨንት ቪዌር ላይ ከርነል ፓወር፣ ቁጥር 41 የሚል መዝገብ ይደጋገማል። ዲቴይልስ የሚለውን ስትከፍቱ በግቼክ ኮድ 0 ከሆነ ዊንዶውስ የስህተት መልእክት እንኳ ለመጻፍ ጊዜ ሳያገኝ ኃይሉ ተቋርጧል ማለት ነው። ባለሙያው ፊታችሁ እንዲለካ ጠይቁ፦ ማሽኑ ሥራ ላይ እያለ በቢጫውና በጥቁሩ ሽቦ መካከል ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት፣ በቀዩና በጥቁሩ መካከል ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት መሆን አለበት። ከዚህ ከወጣ ዕቃው ይቀየር። ቤት ውስጥ ግን የፓወር ሰፕላዩን ሳጥን አትክፈቱ። የእኛ 220 ቮልት ውስጡ ወደ ዲሲ ሲቀየር እስከ 311 ቮልት ይደርሳል፤ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ (ኤሌክትሪክ የሚያከማቸው ዕቃ) ውስጥ ይቆያል፤ ሰው ይገድላል።

ሲገዙ የሚረሳ ሌላ ነገር፦ አንዳንድ ያገለገሉ ዕቃዎች ጀርባ ላይ 115 እና 230 የሚል ቀይ ማዞሪያ አለ። 110 ቮልት ከሚጠቀም አገር የመጣ ማሽን 115 ላይ ሊሆን ይችላል። እንዲሁ ከሰካችሁት በአንድ ፍንዳታ ያበቃል። ደግሞ ብዙ የዴልና የኤችፒ ማሽኖች የኃይል መሰኪያቸው የተለመደው ባለ 24 ፒን አይደለም። «ሁሉም ይገጥማል» የሚል ሻጭ ቢገጥማችሁ የማሽኑን ሞዴል ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ።

የአዳማ መብራት ሲመጣ የሚወዛወዝበት ጊዜ ብዙ ነው። መብራት እንደሄደ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ከመጣም በኋላ አምስት ደቂቃ ያህል ቆዩ። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ማሽኑን በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ካላችሁ ደግሞ ፈትኑት፦ ፋይላችሁን ሴቭ አድርጋችሁ ኮምፒውተሩ በርቶ እያለ የዩፒኤሱን ሶኬት ከግድግዳ ንቀሉት። ማሽኑ ወዲያው ከጠፋ የዩፒኤሱ ባትሪ ሞቷል። ውስጡ ያለው ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ ነው፤ በሁለት ሦስት ዓመት ይደክማል። ባትሪውን ብቻ መቀየር ሲቻል ሙሉውን ዩፒኤስ እንድትገዙ የሚገፋፋችሁን አትስሙ።

ስለ ሙቀት። ከከተማዋ አጠገብ ኮረብታው ላይ ተርባይኖቹን የሚያዞረው ነፋስ አቧራውንም ይዞ ቤት ይገባል፣ የፕሮሰሰሩን ፋን እንደ ጥጥ ይደፍነዋል። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀት ላይ ይህ ሲጨመር ፕሮሰሰሩ ከ90 ዲግሪ በላይ ይወጣና ራሱን ለማዳን ማሽኑን ያጠፋዋል። ከሰዓት በኋላ እየጠፋ ጠዋት ደህና ከሆነ ነገሩ ይህ ነው። በለስላሳ ብሩሽ አጽዱ፤ ስትነፉ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ያዙት። ማቀዝቀዣው ከተፈታ የደረቀው ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ተጠርጎ የስንዴ ቅንጣት የምታህል አዲስ ይደረግለት።

ዲስክን በሚመለከት፣ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ሁሉንም ይናገራል። 05 ሪአሎኬትድ ሴክተር፣ ሲ5 ከረንት ፔንዲንግ ሴክተር የሚሉትን መስመሮች እዩ፤ የተበላሹና የሚያጠራጥሩ የዲስክ ቦታዎችን የሚቆጥሩ ናቸው። ሲ5 ከዜሮ በላይ ከሆነ ፎርማትም ሆነ ቼክ ዲስክ (የዊንዶውስ የዲስክ መፈተሻ) ከማድረጋችሁ በፊት ፋይላችሁን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ፤ እየሞተ ያለን ዲስክ ማሠራት መግደያው ነው። ሲ7 (መረጃ በኬብሉ ሲያልፍ የሚፈጠር ስህተት ቆጣሪ) ብቻ እየጨመረ ከሆነ ግን ጥፋቱ የዲስኩ ላይሆን ይችላል፤ መጀመሪያ የሳታ ኬብሉን ቀይሩ። የኬብል ችግር ይዞ መጥቶ አዲስ ኤስኤስዲ ገዝቶ የሚሄድ ሰው አለ።

ራም ቀላል ነው። አንድ በአንድ እየነቀላችሁ በአንዱ ብቻ አስነሱ፣ ወርቃማ ጥርሱን በነጭ ላጲስ በቀስታ ጥረጉ። ካልተለወጠ ሜምቴስት86 ፕላስን ፍላሽ ላይ ጭናችሁ ሌሊቱን ያድር። አንድ ስህተት እንኳ ካሳየ ያ ራም አይታመንም።

እነዚህ ሁሉ ተፈትሸው ንጹሕ ከሆኑ፣ ፋይሉም ከተገለበጠ፣ ያን ጊዜ ፎርማት ተገቢ ነው፤ ቫይረስ ወይም በኃይል መቋረጥ የተበላሸ የሲስተም ፋይል ሲኖር ይሠራል።

አሁን «ትንሽ ጨምራችሁ ያንን ውሰዱ» ወደሚለው እንመለስ። ያ የሚሰጣችሁ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ ከእናንተው የተሻለ አይደለም። የፕሮሰሰሩን ስም አንብቡ፦ አይ5-4590 ከሆነ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው 4 አራተኛ ትውልድ ነው ማለት ነው፤ 6500 ስድስተኛ፣ 8500 ስምንተኛ። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ነው፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕም ይጠይቃል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በፈረንጆቹ ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ስለዚህ የአራተኛና የስድስተኛ ትውልድ ማሽን በዘመናዊ ዋጋ አትውሰዱ። እናንተ «ተቃጥሏል» ተብላችሁ የተዋችሁት ማሽን ባትሪ ተቀይሮለት ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል።

ማሽን ስታስረክቡ የራሙን መጠን፣ የዲስኩን ሞዴልና ሲሪያል ቁጥር ጽፋችሁ ፎቶ አንሱ፤ ጥገና ቤቱ ፊርማ ያድርግበት። 8 ጊጋ የገባ በ4 ጊጋ እንዳይወጣ። የተቀየረ ዕቃ ሁሉ አሮጌው እንዲመለስላችሁ ከሥራው በፊት ተስማሙ። ደረሰኝ ተቀበሉ፤ በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት የገዛችሁት ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርላችሁ ወይም ገንዘባችሁ እንዲመለስ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ያለ ደረሰኝ ግን ክርክሩ ከባድ ነው። «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» ካሏችሁ የተቃጠለውን ቦታ በጣታቸው ያሳዩአችሁ፦ አናቱ ያበጠ ካፓሲተር፣ የጠቆረ ቺፕ፣ ወይም በሌላ በሚሠራ ፓወር ሰፕላይና ራም ተሞክሮ አለመነሳቱን። ማሳየት ካልቻሉ ማሽኑን ይዛችሁ ውጡ። እዚያው ለመተው ከወሰናችሁም ዲስኩን ነቅላችሁ ውሰዱ፤ ሁለት ኬብልና ቢበዛ አራት ብሎን ነው፣ ፋይላችሁ ያለው እሱ ውስጥ ነው።