ለዲስፓቸር 8 ፐርሰንት ይገባዋል ወይ? የስምንት ወር ሂሳቤ

የምኖረው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። አንድ ትራክና አንድ 53 ጫማ ድራይ ቫን (ማቀዝቀዣ የሌለው ዝግ ትሬለር) አለኝ። ሾፌሩም ባለቤቱም ጸሐፊውም እኔው ነኝ። ከሴፕቴምበር እስከ ኤፕሪል ሎድ (ጭነት) የሚፈልግልኝ አንድ የሐበሻ ዲስፓች ድርጅት ነበር። ስሙን አልጠራም። ያልተዘጋች ሂሳብ አለችን፤ ደግሞ እዚህ ሁላችንም ለቅሶ ቤት መገናኘታችን አይቀርም። አሠራራቸው ግን የብዙዎቹ ስለሆነ፣ ለመፈረም ላሰበ ሰው ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው።

ውሉ ቀላል ነው። ከእያንዳንዱ ሎድ ጠቅላላ ክፍያ ላይ 8 ፐርሰንት ይወስዳሉ። መመዝገቢያ የለም። ለመውጣት የ30 ቀን ማስታወቂያ ያስፈልጋል። ጠዋት ጠዋት የሚሠራው ባለቤቱ ነው፤ እዚሁ አሜሪካ ነው ያለው። እኩለ ቀን ላይ አዲስ አበባ ያለች ልጅ ትረከበዋለች። አዎ፣ አዲስ አበባ። እኔ እዚህ ምሳዬን ስበላ እሷ እዚያ ሌሊቱን ትጀምራለች።

ከባለቤቱ ልጀምር። ገና በሁለተኛው ወር ደወለ።

«ወንድሜ፣ ፍሎሪዳ 3,600 ዶላር አለ። ልያዝልህ?»

መንገዱ 1,900 ማይል ገደማ ነው። ለማይል 1 ዶላር ከ90 ሳንቲም አካባቢ መሆኑ ነው። ከዴንቨር ለሚወጣ ሎድ አይከፋም። ዴንቨር ከምትልከው የምትቀበለው ይበዛል። ይዘህ ስትመጣ ደህና ይከፈልሃል፣ ለመውጣት ግን ትለማመጣለህ። ችግሩ ፍሎሪዳም እንደዚያው ናት። በጸደይ አትክልቱ ሲደርስ ሪፈር (ማቀዝቀዣ ያለው ትሬለር) ያላቸው ይጠቀማሉ። በኦክቶበር በድራይ ቫን መግባት ግን ወጥመድ ውስጥ መግባት ነው። ይህን እኔ ማወቅ ነበረብኝ? አዎ። እሱስ? እሱማ ሥራው ነው፣ 8 ፐርሰንት የምከፍለውም ለዚሁ ነው።

ሌክላንድ አራገፍኩ። ሁለት ቀን ትራክ ስቶፕ ተኛሁ። በመጨረሻ ሳቫና፣ ጆርጂያ ሎድ ተገኘና ከ300 ማይል በላይ ባዶ ነዳሁ። ወደ 190 ዶላር የሚጠጋው ናፍጣ የእኔ ዕዳ ነው። እሱ ግን ከፍሎሪዳው ሎድ 288 ዶላሩን ወስዷል። ፐርሰንቱ ከጠቅላላው ክፍያ ላይ እስከሆነ ድረስ ባዶ ማይል ዲስፓቸሩን አያመውም። ሎዱን ሲያስይዝ የእሱ ሥራ አለቀ፤ የእኔ ጣጣ የሚጀምረው ሳራግፍ ነው።

ልጅቷ ሌላ ዓይነት ናት። የተዋወቅነው ግን ተጣልተን ነው።

«ጋሼ፣ ፒካፕ ነገ 8 ሰዓት ነው» ብላ የምጭንበትን ሰዓት በአማርኛ ጻፈችልኝ። እኔ አሜሪካ የቱንም ያህል ብቆይ፣ በአማርኛ 8 ሰዓት ከተባለ ከምሳ በኋላ ነው። ጠግቤ ተኛሁ። ቁርሴን ተረጋግቼ በላሁ። ከቀኑ 7 ከ40 ላይ፣ ያው በሐበሻ፣ ሃያ ደቂቃ ቀድሜ መጋዘኑ በር ላይ ደረስኩ። ሎዱ ጠዋት ለሌላ ሰው ተሰጥቷል! ለካ እሷ የጻፈችው በፈረንጅ ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ቁጭ ብላ የዴንቨርን ሰዓት ትኖራለች፤ እኔ ዴንቨር ቁጭ ብዬ የአዲስ አበባን። ደውዬ ጮህኩባት። እሷም አልተኛችልኝም፤ «ጋሼ፣ ሬት ኮንፈርሜሽኑን አይተውታል?» አለችኝ። የሎዱ ዋጋና ሰዓት ያለበት፣ የምፈርመው ወረቀት ነው። 08:00 ይላል። ሳላነብ ነው የፈረምኩት። ከዚያ ወዲህ ኤኤምና ፒኤም ሳትጽፍ መልእክት ልካልኝ አታውቅም። እኔም ሳላነብ አልፈርምም።

እዚህ ላይ አንድ ደግ ነገር ልናገርላቸው። ሬት ኮንፈርሜሽኑ ከብሮከሩ፣ ማለትም ሎዱን ከሚሰጠን ደላላ፣ በቀጥታ በእኔ ኢሜይል ነው የሚመጣው። ብሮከሩ ስንት እንደከፈለ ሳታውቅ «ይቺን ያዝ» የሚሉ እንዳሉ ጓደኞቼ አጫውተውኛል። እነዚህ በዚህ አይታሙም።

አሁን ወደ ፌብሩዋሪ ልውሰዳችሁ። ሎዱ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው፣ ከዴንቨር ሶልት ሌክ፣ በማግስቱ ጠዋት የሚራገፍ። ትራኩ፣ ትሬለሩና ጠርሙሱ ተደምረው 38,000 ፓውንድ። ሕጉ እስከ 80,000 ይፈቅዳል፤ እኔ ከግማሹ በታች ነኝ። ላራሚ፣ ዋዮሚንግ ስደርስ ትሬለሩ እንደ በር መጋረጃ ይወዛወዛል። ምልክቱ ላይ አውራ ጎዳናው፣ አይ-80፣ ለቀላልና ለረጃጅም ተሽከርካሪ ዝግ ነው ይላል። ከላራሚ እስከ ሮሊንስ ያለውን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ነፋሱ ትሬለር አንስቶ ይጥላል። ከመንገዱ ወጣሁና ቆምኩ።

ለባለቤቱ ጻፍኩለት። መልሱ አንድ መስመር ነበር፦ «ሌሎች እያለፉ ነው።»

እያለፉማ ነው። ብረትና ቢራ የጫኑት ናቸው እያለፉ ያሉት።

ከዚያ ለልጅቷ ደወልኩ። ላራሚ 2 ፒኤም ነው፣ አዲስ አበባ እኩለ ሌሊት። በሹክሹክታ ነው የምታወራው፣ ቤተሰብ ተኝቷል። ሳልነግራት ጀመረች።

«ጋሼ፣ እንዳይነሱ። አርሊንግተን ጋ በጣም ብሶበታል።»

«አንቺ ደሞ አርሊንግተንን የት ታውቂዋለሽ?»

«ከቦሌ በላይ ነው የማውቀው» አለችኝ።

የዋዮሚንግን የመንገድ ካርታ ከፍታ ስትጠብቀኝ ነበር። የተዘጋውን መንገድ ፎቶ አንስታ፣ ቀጠሮው ሳያልፍ ለብሮከሩ ኢሜይል ላከች። ወሳኙ «ሳያልፍ» የሚለው ነው። ካለፈ በኋላ ምክንያት ነው፣ ከማለፉ በፊት ማስታወቂያ ነው። ቀጠሮው በአንድ ቀን ተገፋ፣ የመዘግየት ቅጣት አልመጣም። ለቆምኩበት ቀን ክፍያ አላገኘሁም፤ በአየር ጠባይ ሲሆን ብዙ ብሮከር አይከፍልም። ማታ ከጎኔ የቆመ አንድ ሾፌር የእሱ ዲስፓቸር ስልክ እንደማያነሳ ነገረኝ። ያኔ በባለቤቱ መናደዴን ረሳሁት።

ዲቴንሽን፣ ማለትም መጋዘን ላይ ለቆምኩበት ሰዓት የሚከፈለው፣ ላይም ልጅቷ እንዲሁ ናት። አንድ የግሮሰሪ መጋዘን 5 ሰዓት አቆመኝ። የመጀመሪያው 2 ሰዓት ነፃ ነው፤ እሱ ሳይሞላ ለብሮከሩ ጽፋ፣ ስገባና ስወጣ ወረቀቱ ላይ ሰዓት እንዲሞሉልኝ አስታወሰችኝ። ለ3 ሰዓት በ50 ዶላር፣ 150 ዶላር ተከፈለ። የሚያስቀው ነገር ድርጅቱ ከሱም 8 ፐርሰንት ቆረጠ። 12 ዶላር ናት። ግን ቆሜ ለተንገላታሁበት፣ በቀን ከሚፈቀድልኝ 14 የሥራ ሰዓት ላይ 5ቱ ለተበላብኝ! ባለቤቱን ስጠይቀው «ውሉ ጠቅላላ ነው የሚለው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ እንደዚያ ይላል።

የወጣሁበት ምክንያት ግን የሎዱ ዋጋ ነው። ዋጋ ለማመሳከር ብዬ ዲኤቲ የሚባለውን ሎድ ቦርድ (ያሉ ሎዶች የሚለጠፉበት) ገዛሁ። (ይሄ ነገር በ1978 ፖርትላንድ፣ ኦሪገን፣ አንድ ትራክ ስቶፕ ውስጥ ሎድ በስክሪን በማሳየት የተጀመረ ነው፤ ዛሬ ስልኬ ውስጥ ነው።) የመስመሩን አማካይ ዋጋ ሳየው ባለቤቱ የሚያመጣቸው ጠዋት ላይ የተገኙ የመጀመሪያዎቹ ሎዶች እንደሆኑ ገባኝ። ስልክ ደውሎ አይከራከርም። ልጅቷ ግን 100 ዶላር፣ 150 ዶላር ትጨምራለች። የመውጫ ማስታወቂያ ከሰጠሁ በኋላ ራሴ ሁለት ሎድ አገኘሁ፣ ራሴ ተደራደርኩ። ባለቤቱ ከነሱም 8 ፐርሰንት ጠየቀ። «በውሉ ዘመን የጫንከው ሁሉ» ይላል ጽሑፉ። አልከፈልኩም። ያቺ ናት ያልተዘጋችው ሂሳብ።

ኮከብ ስጥ ካላችሁኝ ለባለቤቱ ሁለት፣ ለልጅቷ አምስት። ድርጅቱ አንድ ስለሆነ ሦስት ተኩል ብዬ ልለፈው። ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት ነገር አስጽፉ፦ ዲቴንሽን ከፐርሰንቱ ይውጣ፣ ራሳችሁ ያገኛችሁት ሎድም ይውጣ። ደግሞ «አርብ ከሰዓት ዴንቨር ባራግፍ ወዴት ታወጣኛለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። «አይዞህ፣ እናገኛለን» ካለ ስልኩን ዝጉ። መንገድና ዋጋ እየጠራ ከመለሰ ወረቀቱን አምጣ በሉት።

ልጅቷ አሁንም እዚያው ናት። ከገባችሁ የሌሊቷ ልጅ ትሁንልኝ በሉ።