«ማይኩ ምንም አልሆነም» ላሉኝ ጋሼ ትልቅ ምስጋና

ዛሬ አንድ ሰው ላመሰግን ነው። አሮጌ ማይክ ይዛችሁ እንደኔ የምትንከራተቱ ካላችሁም ጥቆማ ይሁናችሁ። ስማቸውን እንዳላወጣ ለምነውኛልና «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ሥራቸው የድምፅ ዕቃ ጥገና ነው። አምፕሊፋየር በሉት፣ ስፒከር በሉት፣ ማይክ በሉት፣ እጃቸው ያልገባበት ያለ አይመስለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማየት ለተሳናቸው ሰዎች መጽሐፍ እያነበብኩ እቀዳለሁ። እስከ ቅርብ ጊዜ በስልኬ ነበር የምቀዳው። አጎቴ በወጣትነቱ የመድረክ አስተዋዋቂ ነበር። ያኔ የሚይዘውን ማይክ «በይ አንቺ አንብቢበት» ብሎ ሰጠኝ። ድፍን ብረት ነው፤ ፊቱ እንደ ድሮ መኪና አፍንጫ ፍርግርግ አለው። ችግሩ የገመዱ ጫፍ ነው፤ እየተጠመዘዘ የሚታሰር የድሮ ዓይነት። ኮምፒውተሬ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የሚገባበት ቀዳዳ የለም። ማይክን ከኮምፒውተር ጋር እንዲያገናኝልኝ የገዛሁት ኦዲዮ ኢንተርፌስ የሚሉት ዕቃ ላይም የለም።

ከዚያማ ፍዳዬን አየሁ። አንዱ ጋ ስወስደው በደንብ እንኳ ሳያየው «ይሄ ለጌጥ ይሆንሻል» አለኝና አዲስ ማይክ ሊሸጥልኝ ተንደረደረ። ሌላው ደግሞ «ቀላል ነው፣ አዳፕተር ነው የሚፈልገው» ብሎ አዳፕተር በአዳፕተር ላይ ቀጣጥሎ ኮምፒውተሩ ላይ በትንሿ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ሰካልኝ። ቤት ገብቼ ስሞክረው የራሴ ድምፅ በግድ ነው የሚሰማኝ። ከፍ ሳደርገው ዥዥታው ከኔ በላይ ይጮኻል። ተመልሼ ብነግረው «እንግዲያው ማይኩ ሞቷል» አለኝ። ገንዘቤንም ዋጥ አደረገው።

ከሁሉም ያቃጠለኝ ግን «ትተሽው ሂጂ» ያለኝ ነው። ዛሬ ነገ እያለ አመላለሰኝ። ስልክ አያነሳም፤ ካነሳም «እየሠራሁት ነው» ይላል። በመጨረሻ ስሄድ ማይኬ መደርደሪያው ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። የተሠራ ነገር ቢኖር አንድ ብሎን በካቻቢቴ ተፋፍቆ መበላሸቱ ነው። ይቅርታ ስጠብቅ ጭራሽ እሱ ተቆጣኝ፤ አሮጌ ዕቃ ይዤ ሰው የማስቸግር ሆንኩ። ስም አልጠራም። ግን ሰው የሰውን ዕቃ እንዲህ ያደርጋል?

ጋሼን የጠቆመችኝ ጓደኛዬ ናት። እውነቱን ለመናገር የሄድኩት ለእሷ ይሉኝታ ነው። ገና እንደተቀመጥኩ «ልጄ፣ ምን ልትቀጂበት ነው?» አሉኝ። ያን ሁሉ ስዞር ይህን የጠየቀኝ አንድ ሰው አልነበረም። ነገርኳቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ማይኩን አገላበጡት። የተፋፋቀውን ብሎን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉት፤ ስለ ማንም ክፉ አልተናገሩም። ከዚያ ቴስተራቸውን አውጥተው ጫፍና ጫፉን ነካ ሲያደርጉት ማይኩ ውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ወደ ጆሮዬ አስጠግተው ደገሙት። «ሰማሽ? በሕይወት አለ። ማይኩ ምንም አልሆነም» አሉኝ። ጉልበታቸውን ልስም ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ አስረዱኝ። ግማሹ በጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጥቷል፤ የቀረልኝን ልንገራችሁ። ጣጣው የማይኩ ዕድሜ አይደለም። ሹር ኤስኤም 58 የሚባለው ማይክ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው፤ ዛሬም ይመረታል፤ የዘመኑ ኢንተርፌስ ላይም ያለችግር ይሠራል። የአጎቴ ግን ኢምፒዳንሱ ከፍተኛ ነው። እንዲህ ያሉት የድሮዎቹ ባለ ቫልቭ አምፕሊፋየሮች ላይ በቀጥታ እንዲሰኩ የተሠሩ ናቸው። የኢንተርፌሱ የማይክ ቀዳዳ ደግሞ የሚፈልገው ዝቅተኛውን፣ ባለ ሦስት እግር ኤክስኤልአሩን ነው። ስለዚህ ሁለቱን የሚያስማማ ትንሽ ትራንስፎርመር መሀል ይገባል። ኢምፒዳንስ ምን እንደሆነ ግን እኔን አትጠይቁኝ።

የኮምፒውተሩ ትንሿ ቀዳዳስ? እሷ የተሠራችው ለጆሮ ማዳመጫ ማይኮች ነው። ለእነሱ ጥቂት ቮልት ትሰጣለች፤ የኔው ያንን አይፈልግም። ከሱ የሚወጣው ሲግናል በሚሊቮልት የሚቆጠር ነው፤ ቀዳዳዋ ደግሞ እሱኑ ይበልጥ ታዳክመዋለች። ዥዥታውም የመጣው ከተቀጣጠሉት አዳፕተሮች ነው፤ አንደኛው ጋ ሺልዱ፣ ማለትም ሲግናሉን ከውጭ ረብሻ የሚከልለው ሽፋን፣ አልተገናኘም ነበር። ለዚህ ነው እንግዲህ ማይኬ «ሞቷል» የተባለው!

እኔ ተሰላችቼ ስለነበር «የድሮውን ጫፍ ቆርጠው በአዲስ ይቀይሩት» አልኳቸው። «ኧረ አይሆንም! ይሄማ አይቆረጥም» አሉ። መሳቢያ ከፍተው፣ ሌላ መሳቢያ ከፍተው፣ የዚያኑ ዘመን የሚጠመዘዝ እናት ጫፍ ፈልገው አገኙ። ካውያቸውን አሙቀው፣ ስታኞውን ጠብ እያደረጉ አጭር ገመድ ሠሩልኝ፤ በአንድ በኩል የድሮው፣ በሌላ በኩል ኤክስኤልአር፣ መሀሉ ላይ ትራንስፎርመሩ። ማይኩም ገመዱም አጎቴ በሰጠኝ መልክ አሉ። የተበላሸውንም ብሎን ሳልጠይቃቸው ቀየሩልኝ። ስንት ነው ስላቸው «እሷን ተያት» አሉኝ። ሌላ የተሻለ ኢንተርፌስ ልግዛ ወይ ብዬም ጠይቄያቸው ነበር። «ያለሽ ይበቃሻል» አሉ። ልብ በሉ፣ ሊሸጡልኝ ይችሉ ነበር።

ኢንተርፌሱ ላይ 48 ቮልት የሚል ቁልፍ አለ። ያ ኃይል ኮንደንሰር ለሚባሉት ማይኮች ነው፤ የኔው ዳይናሚክ የሚባለው ዓይነት ስለሆነ አያስፈልገውም። አንዳንድ አሮጌ ማይክ፣ በተለይ ሪበን የሚሉት፣ ገመዱ በትክክል ካልተሠራ በዚህ ቁልፍ ሊበላሽ ይችላል አሉኝ። ከዚያ ከቀይ ፕላስተር ትንሽ ቀደው ቁልፉ ላይ ለጠፉበት። «እጅሽ እንዳይስት» ብለው።

ሲጨርሱ መስኮቱን ዘጉ፤ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አደረጉና «በይ እስቲ አንብቢ» አሉኝ። ሁለት መስመር አንብቤ ቀና ስል በእጃቸው ቀጥዪ አሉኝ። መሀል ላይ ሌላ ደንበኛ ገባ። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ሰውየውን ዝም አሰኙትና ገጹን አስጨረሱኝ። ከዚያ «ትንሽ ራቅ በይለት፤ ‹ፐ› ስትይ ትንፋሽሽ ይመታዋል» አሉ። ራቅ ብዬ ደገምኩት። አቤት ድምፅ! እኔው ነኝ ግን? ንጹሕ፣ ወፍራም፣ ዥዥታ የሚባል የሌለው።

የቀዳሁትን ለአጎቴ ላክሁለት። ደውሎ ስለ መጽሐፉ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ስለ ማይኩ ብቻ አወራ። የያኔውን ድግስ፣ መብራት ሲጠፋ በባዶ ጉሮሮው የጮኸበትን ምሽት፣ ማይኩን ሊሰርቅ የሞከረውን ጊታር መቺ ሳይቀር ተረከልኝ። ይሄ ራሱ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ። እናንተም አሮጌ ማይክ ካላችሁ ሞቷል ስለተባላችሁ ብቻ አትጣሉት፤ መጀመሪያ እሳቸው ይዩት። በሙያቸው ብቻ አይደለም፣ በሰውነታቸውም ትደሰታላችሁ። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ጠዋት ብትደውሉ ይሻላል፤ ሥራ ከጀመሩ አያነሱም። ስትሄዱ ማይኩን ከነገመዱ ያዙ፤ ኢንተርፌስ ካላችሁ እሱንም ጨምሩ። ጫፉን ግን ማንም እንዳይቆርጥባችሁ።