የተሠራበትን ዓመት ሳታዩ ለስፖርት መኪናችሁ «አዲስ ጎማ» አትግዙ

በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዋሽንግተን ዲሲ የምትኖሩ፣ በተለይ ሙስታንግ፣ ካማሮ፣ ቻሌንጀርና እነርሱን የመሰለ ጉልበተኛ መኪና የምትነዱ ወገኖቼ፣ ቅዝቃዜው ሳይገባ ጎማ ለመቀየር ካሰባችሁ ይህን አንብባችሁ ሂዱ። ያልተነዳበት ጎማ ሁሉ አዲስ ጎማ አይደለም። አንዳንድ ሻጮች ደግሞ ትርፋቸውን የሚያገኙት ከዚህች ልዩነት ነው።

ታናሽ ወንድሜ የ2019 ሥሪት ሙስታንግ ጂቲ አለው። የፊቱ ጎማ ልክ 255/40አር19፣ የኋላው 275/40አር19 ነው። በስም የታወቁ ፋብሪካዎች ምርት ለአራቱ ከ1,000 ዶላር በላይ ሲጠራበት፣ አንድ ትንሽ ጎማ ቤት መግጠሚያውንና ባላንሱን ጨምሮ 640 ዶላር አለው። ሻጩ የአገር ልጅ ነበር። «ወንድሜ፣ ለአንተ ስል እንጂ በዚህ ዋጋ አይወጣም። መጋዘን ስለምናጸዳ ነው» ሲል ማን ይጠራጠራል? ልኩ ትክክል ነው፣ የፋብሪካው ስም የታወቀ ነው፣ ጥርሱ ሙሉ ነው። ተገጠመለት፣ ከፈለ፣ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ዝናብ ባካፋ ቁጥር ስሞታ ይደውልልኝ ጀመር። «ጋሼ፣ ነዳጁን ትንሽ ስረግጠው ኋላው ይሸሻል» ይለኛል። ሙስታንግ በኋላ እግሩ የሚገፋ መኪና ነው፤ ወጣት ሲነዳው ደግሞ ጥፋቱን በእግሩ ላይ መጣል ይቀላል። የማውቀው መካኒክ ዘንድ ወስደን በሊፍት ካሰቀልነው በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። የፊቶቹ ሁለት ጎማዎች ጎናቸው ላይ 1424 የሚል ቁጥር አላቸው። የኋለኞቹ ከውጭ በኩል ሲታዩ ይህ ቁጥር የለባቸውም። መካኒኩ ከመኪናው ሥር ገብቶ በእጅ ባትሪ የውስጠኛውን ጎን ሲያበራ 3417 የሚል ወጣ። በጥርሶቹ ሥር፣ በቦዩ ወለል ላይ፣ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ጀምሯል። በአውራ ጣቱ ጥርሱን ጫን አድርጎ «ይሄ ጎማ ደርቋል» አለ፤ ከፊተኛው ጋር አስተያይቶ እኔንም አስጫነኝ፤ ልዩነቱ ለጣት ይታወቃል።

ቁጥሩን ማንበብ ማንም ይችላል። ጎማው ጎን ላይ ዲ.ኦ.ቲ. (DOT) ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ረዘም ያለ ኮድ አለ። የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተሠራበትን ጊዜ ይናገራሉ፤ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለቱ ዓመቱን። 1424 ማለት በ2024 በ14ኛው ሳምንት፣ 3417 ማለት በ2017 በ34ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። እንግዲህ አስቡት፣ «አዲስ» ተብሎ የተሸጠው ጎማ ከመኪናው በዕድሜ ይበልጣል። ሙሉው ኮድ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በጎማው በአንዱ ጎን ብቻ ነው፤ በሌላው ጎን ዓመቱ የሌለበት አጭር ኮድ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ዓመቱ ያለበትን ጎን ወደ ውስጥ አዙሮ የገጠመ ሰው ከደንበኛው ዓይን ሰወረው ማለት ነው። ሆን ብሎ ይሁን ሳያስተውል መማል አልችልም። ትኩሶቹ ከፊት፣ ያረጁት ከኋላና ፊታቸውን አዙረው መገኘታቸውን ግን እንዲሁ የሆነ ነገር ነው ብሎ ማለፍ ይከብደኛል።

ወደ ጎማ ቤቱ ስንመለስ ሻጩ ዓይኑን በጨው አጥቦ ጠበቀን። «ማንም አልነዳበትም፤ ስለዚህ አዲስ ነው» አለ። ቀጥሎም ደረሰኙን ገልብጦ በደቃቅ ፊደል የታተመውን «የተገጠመ ጎማ አይመለስም» የሚል መስመር አሳየን። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ልኩና ዋጋው ብቻ ነው፤ የተሠራበት ጊዜ የለም።

ለክርክሩ ፍትሐዊ ልሁን። በቀዝቃዛና ጨለማ መጋዘን የቆየ ጎማ ፀሐይ ላይ ከዋለ ጎማ ቀስ ብሎ ያረጃል። በአሜሪካም ይህን ያህል ዓመት የሞላው ያልተነዳ ጎማ አይሸጥ የሚል የፌዴራል ሕግ የለም። ነገር ግን ላስቲክ በሙቀትና በኦክስጅን እየደረቀ የሚሄድ ነገር ነው፤ ቸርኬ ላይ ሳይወጣም ያረጃል። የስፖርት ጎማ ደግሞ ገንዘብ የሚከፈልበት ለልስላሴው ነው። እርጥብ አስፋልት ላይ መንገዱን የሚይዘው ያ ልስላሴ ነውና፣ እርሱ ከሄደ የጥርሱ ሙሉ መሆን ማታለያ ይሆናል። ሙስታንግን የሚሠራው ፎርድ ራሱ ጥርሱ ቢኖርም ባይኖርም ጎማ በስድስት ዓመቱ እንዲቀየር ይመክራል። ወንድሜ የገዛው እንግዲህ ይህን ዕድሜ መደርደሪያ ላይ የጨረሰ ዕቃ ነው።

ነገሩን አጋነንህ ለሚለኝ አንድ ልጨምር። ተዋናዩ ፖል ዎከር በኅዳር 2013 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ጓደኛው በሚነዳት ፖርሽ ካሬራ ጂቲ ውስጥ ሳለ ነው የሞተው። የሎስ አንጀለስ አውራጃ ሸሪፍ ምርመራ ዋናውን ምክንያት ከመጠን ያለፈ ፍጥነት ነው ሲል፣ የመኪናዋ ጎማዎች ዘጠኝ ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ መሆናቸውን፣ ይህም አያያዟን ሊጎዳ እንደሚችል አብሮ ጠቅሷል። ያ ውድ መኪና ነበር፤ ጎማውን ለመለወጥ የገንዘብ እጥረት አልነበረም።

እንግዲህ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ገና በስልክ ዋጋ ስትጠይቁ ቁጥሩን ጠይቁ። «የአራቱንም ኮድ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ» በሉት። ዕቃው በእጁ ያለ ሻጭ ይህን ለማድረግ ደቂቃም አይፈጅበትም። ሲያንገራግር፣ «መጋዘን ነው ያለው»፣ «ሲመጣ ታየዋለህ» ሲል ሌላ ቤት ደውሉ። ጎማው ቸርኬ ላይ ከመውጣቱ በፊት አራቱንም በዓይናችሁ እዩ፤ አንዱን አይታችሁ አትመኑ። ኮዱ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ደግሞም ጎማ ሻጭ ጎማውን በገዢው ስም የሚያስመዘግብ ቅጽ ኮዱን ሞልቶ መስጠት ወይም ራሱ ማስመዝገብ ግዴታው ነው፤ ፋብሪካው ጉድለት አግኝቶ ጎማውን ቢሰበስብ የሚያገኛችሁ በዚያ ነው። ይህን ቅጽ ስትጠይቁት ፊቱን የሚያጠቁር ሻጭ ብዙ ነገር ይነግራችኋል።

ልኩን በተመለከተ፣ የሾፌሩ በር ሲከፈት ከምሰሶው ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት አንብቡ። ከልኩ ቀጥሎ ያለችውን ፊደልም አትለፏት፤ የፍጥነት ደረጃ ናት። ዋይ (Y) እስከ 300፣ ደብሊው (W) እስከ 270፣ ኤች (H) እስከ 210 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። «በዚህ አገር ማን 300 ይነዳል» እያሉ በዋይ ፈንታ ኤች የሚገጥሙ አሉ። በእርግጥ ማንም እንዲያ አይነዳም፤ ግን ደረጃው ሙቀትን የመቋቋም ጉዳይም ስለሆነ ለከባድና ለፈጣን መኪና ትርጉም አለው። ቢያንስ ተነግሯችሁ፣ ዋጋውም ወርዶላችሁ ይሁን።

ሌላው ለሙቀት ወራት ብቻ የተሠራው የበጋ ጎማ ነው። ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ማለትም ከ45 ፋራናይት፣ በታች የበጋ ጎማ ይጠነክርና መንገድ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። የቨርጂኒያ የጥር ጠዋት ከዚህ በታች ነው። በኅዳር የበጋ ጎማ በቅናሽ መሸጥ ነውር የለውም፤ ነውሩ ለዕለት ሥራው ለሚነዳበት ሰው ሳይነግሩ መሸጥ ነው። ያገለገለ ጎማ የሚገዛማ ጎኑ ላይ የተጠገነ አለመሆኑን ከውስጥ ካላየ ባይገዛ ይሻለዋል፤ የጎን ቀዳዳ ጎሚስታ ቢደፍነውም አያስተማምንም።

ለጊዜው ወንድሜ ሁለቱን የኋላ ጎማ ከሌላ ቤት ገዝቶ ቀይሯል፤ በእነርሱ ደረሰኝ ላይ ኮዱ ተጽፏል። ያረጁትን አልጣልናቸውም፤ ማስረጃ ናቸው። የቨርጂኒያ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ የዕቃውን ጥራት አሳስቶ መሸጥን ስለሚከለክል፣ ፎቶዎቹንና ደረሰኙን አያይዘን ለክልሉ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አቤቱታ አስገብተናል፤ የከፈለው በክሬዲት ካርድ በመሆኑ ለባንኩም ክፍያውን እንደሚቃወም አመልክቷል። በዚህ አካባቢ በቅርቡ በቅናሽ ያስገጠማችሁ ካላችሁ፣ ዛሬውኑ የእጅ ባትሪ ይዛችሁ የጎማችሁን ውስጠኛ ጎን እዩ፤ ተመሳሳይ ነገር ካገኛችሁ ሳትነዱበት ፎቶ አንሡ፣ ደረሰኙንም አስቀምጡ፤ አቤቱታው ሲበዛ ይሰማል።