ለደም ባንኳ ሲስተርና ለማላውቃቸው ለጋሾች፦ እግዜር ይስጥልኝ

እህቴ ዛሬ ልጇን አቅፋ የምታጠባው ስማቸውን የማላውቃቸው ሰዎች ደማቸውን አስቀድመው ስለሰጡ ነው። ይህን የምጽፈው ላመሰግንም፣ እናንተን ልለምንም ነው።

ከወለደች በኋላ ደሙ አልቆም አለ። መጀመሪያ የነበረችበትን ቦታ ስም አልጠራም። የተባልነው ቃል ግን እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፦ «ደም የለም፣ ሰው ፈልጋችሁ አምጡ።» በእኩለ ሌሊት ከየት? ዘመድ ጎረቤቱን በስልክ ቀሰቀስን። አንዱ የደም ዓይነቱ አይገጥምም፣ አንዱ መድኃኒት ላይ ነው፣ ሌላው ስልክ አያነሳም። እኛ እያለቀስን ስንጠይቅ ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠው ሰው ቀና ብሎ እንኳ አላየንም። ያንን ፊት መቼም አልረሳውም።

ወደ ሌላ ሆስፒታል ስትዛወር ግን ደም ፍሪጅ ውስጥ ነበር። ከእሷ ደም ጋር መስማማቱ ታይቶ ወዲያው ተሰቀለላት። ማንም እንዲሮጥ አልተጠየቀም፤ ሰው ቀድሞ ሰጥቶ ነበርና።

እሷ ስትድን እኔም ልሰጥ ሄድኩ። መርፌ በጣም እፈራለሁ። ከዚያ በፊት አንድ ቦታ ለምርመራ ደም ሲቀዱኝ ክንዴን ደጋግመው ወግተው አበለዙት፤ «ስርሽ አይገኝም» ብለው እኔኑ ተቆጡኝ። ደም ባንክ ያገኘኋት ሲስተር ግን ክንዴን ከመንካቷ በፊት ፊቴን አየች። የያዘችውን ሁሉ አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች። «ከፈራሽ ዛሬ ባትሰጪም ምንም አይደለም፤ መጀመሪያ ተረጋጊ» አለችኝ። የእህቴን ነገር ስነግራት እንባዬ መጣ፤ እጄን ይዛ እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ በጣቷ ክንዴን ዳሰስ ዳሰስ አድርጋ «ይኸው አለ! ማነው የለም ያለሽ?» አለች። መርፌው መግባቱን ያወቅሁት ቱቦው ሲቀላ ነው። እጇ እንዴት ይቀላል!

ስለ ማሽኑና ስለ ምርመራው ካስረዳችኝ ግማሹ አልገባኝም። አንድ ነገር ግን ያዝኩ፤ ደም ተሰብስቦ ለዓመት የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ቀይ የደም ሴሉ ቢበዛ 42 ቀን ገደማ ይቆያል፤ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕሌትሌት የሚባለው ክፍል ደግሞ ከ5 እስከ 7 ቀን ብቻ። ስለዚህ አንድ ጊዜ በዘመቻ ሰጥቶ መጥፋት አይበቃም፣ መመላለስ ያስፈልጋል። ከአዋቂ ሰው 5 ሊትር ገደማ ደም የሚወሰደው 450 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው፤ ሰውነት ይተካዋል። መርፌው አዲስ ነው፣ ለሌላ ሰው አይውልም።

ፕላዝማ፣ ማለትም የደሙን ፈሳሽ ክፍል፣ የሚቀበል ማዕከል አጠገባችሁ ካለ እሱንም ስጡ። ፈሳሹ ክፍል ብቻ ተወስዶ ቀይ ሴሉ ስለሚመለስላችሁ ከሙሉ ደም ይልቅ ቶሎ ቶሎ መስጠት ይቻላል። ደማቸው አልረጋ ለሚላቸውና በሽታ የመከላከል አቅም ለሌላቸው ሰዎች መድኃኒት የሚሠራው ከእሱ ነው። ጄምስ ሃሪሰን የሚባለው አውስትራሊያዊ በ14 ዓመቱ ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት በሰው ደም ተረፈ፤ አድጎ እ.ኤ.አ. ከ1954 እስከ 2018 ድረስ 1,173 ጊዜ ሰጠ። ፕላዝማው ውስጥ በእናትና በፅንስ የደም አለመጣጣም የሚጎዱ ሕፃናትን የሚያድን መድኃኒት የሚሠራበት ነገር ነበረው። እሱም እንደ እኔ መርፌ ሲገባ ማየት አይወድም ነበር! ይህን ካነበብኩ ወዲህ ፍርሃቴን ሰበብ ማድረግ አልቻልኩም።

እባካችሁ፣ ጤነኛ ከሆናችሁ ሂዱ። የቸገረው ሰው እስኪጠራችሁ አትጠብቁ። በየስንት ጊዜው መስጠት እንደምትችሉ እዚያው ጠይቁ፣ ይነግሯችኋል። ስትሰጡ የሚቀጥለውን ቀን ይዛችሁ ውጡ። የምትፈሩ ካላችሁ ደግሞ ፍርሃታችሁን ሳትደብቁ ንገሯቸው፤ እንደ እኔዋ ሲስተር ያለ ሰው ያጋጥማችሁ።

ሲስተርዬ፣ እጅሽ ይባረክ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ደግሜ የምሰጥበት ቀን ሲደርስ እህቴም አብራኝ ልትመጣ ነው፤ ለጊዜው መስጠት ባትችልም አንቺን ማመስገን ትፈልጋለች።