ባለ 10 እጥፍ የእጅ ሌንስ፣ ከስምንት ወር በኋላ

ይቺን ሌንስ የያዝኳት ሰኔ ላይ ነው። አሁን የካቲት ነው፤ ስምንት ወር ሙሉ ከአንገቴ አልወረደችም። የምታጎላው 10 እጥፍ ነው፣ ስፋቷ 21 ሚሊ ሜትር፣ ውስጧ አንድ ላይ የተጣበቁ ሦስት መስታወቶች አሉ። ዕፅዋት ለመለየት መስክ ለሚወጣ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ዕቃ አላውቅም።

ከሷ በፊት "30 እጥፍ" የሚል የተጻፈባት ርካሽ ሌንስ ነበረችኝ። ቁጥሩ ውሸት ነው። እናንተም መለካት ትችላላችሁ፦ የፀሐይ ብርሃን ወረቀት ላይ ትንሽ ነጥብ እስኪሆን ሰብስቡ፣ ከሌንሱ እስከ ወረቀቱ ያለውን ርቀት በሚሊ ሜትር ለኩ (ቶሎ በሉ፣ ወረቀቱ ይቃጠላል)፣ ከዚያ 250ን (ዓይን በደንብ ያያል የሚባልበት ርቀት ነው፣ በሚሊ ሜትር) ለርቀቱ አካፍሉ። እውነተኛ 30 ቢሆን 8 ሚሊ ሜትር ግድም ይመጣ ነበር። የኔው 25 መጣ፤ እሷም 10 እጥፍ ነበረች ማለት ነው፣ ያውም ዳር ዳሩ ቀስተ ደመና የሚሠራ።

ሥራዋን ልንገራችሁ። የኢትዮጵያና ኤርትራ ፍሎራ የሚባለው የዕፅዋት መጽሐፍ መለያ ቁልፍ አለው፣ በጥያቄ እየመራ ተክሉ ምን እንደሆነ የሚያደርሳችሁ፤ ብዙ ጊዜ የሚጠይቃችሁ ባዶ ዓይን የማያየውን ነው። ፀጉሩ ነጠላ ነው ወይስ እንደ ኮከብ የተበተነ? የብሳናን ቅጠል ገልብጣችሁ በሌንስ እዩት፤ ኮከቦቹ ተደርድረው ታገኟቸዋላችሁ። ጦስኝንም ለመለየት ሌንስ ያስፈልጋል። አገራችን ውስጥ ሁለት ዓይነት አለ፣ በሳይንሳዊ ስማቸው ታይመስ ሺምፐሪና ታይመስ ሰሩላተስ። ሰሩላተስ የተባለው የቅጠሉ ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥቃቅን ጥርስ ስላለው ነው። ድሮ ቀንጥቤ ላብራቶሪ እወስድ ነበር። አሁን መንዝ ጓሳ ላይ ተንበርክኬ አይቼው፣ እዚያው ትቼው እሄዳለሁ።

ለኔ ትልቁ ለውጥ ይሄ ነው። ደቡብ ጎንደር አንድ የቤተ ክርስቲያን ደን ስገባ አንድ አባት "አይተህ መሄድ ትችላለህ ልጄ፣ መቁረጥ ግን የለም" አሉኝ። ልክ ናቸው። ዙሪያው ሁሉ እርሻ ነው፤ የቀረው ደን ያ ብቻ ነው። ሌንሷ ባትኖር ባዶ እጄን እመለስ ነበር። እሷን ይዤ ግን ግማሽ ቀን ሙሉ ማስታወሻ ስጽፍ ዋልኩ።

አያያዙን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሌንሱን ዓይናችሁ ላይ ለጥፉና ተክሉን ወደሱ አስጠጉ፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል እስኪቀር።

ጉድለትም አላት። ብሎኗ በሦስተኛው ወር ላላ፣ አሁን በየሳምንቱ አጠብቃለሁ። ጓሳ ብርድ ላይ በትንፋሽ ትደበዝዛለች። አንዴ በጋቢ ጠርጌያት ጭረት ወጣባት፤ አቧራውን ሳታራግፉ በጨርቅ አትንኳት። ለአበባ ብናኝ ደግሞ አትበቃም፣ ለሱ ማይክሮስኮፕ ነው የሚያስፈልገው።

ለሁለት ተማሪዎቼ አንዳንድ እንዲመጣላቸው አዝዣለሁ። ክረምቱ ሳይገባ ከደረሰ አብረን እንወጣለን።