ሐረር ላይ አርቲክል ፍለጋ ለተቸገራችሁ

የመመረቂያ ጽሁፍ የጀመራችሁ የሐረር ጤና ተማሪዎች፣ ይህን አንብቡት። ለላይብረሪያችን ጋሼ የተጻፈ ምስጋና ነው። ስማቸው እንዲነሳ ስለማይወዱ ትቼዋለሁ። የኮምፒውተር ክፍሉን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃቸዋል።

ርዕሴ በእርግዝና ወቅት ጫት መቃምና የሕፃናት የልደት ክብደት ነው። ለሐረር ሰው ሩቅ ጉዳይ አይደለም። ጉግል ላይ ስፈልግ አብስትራክቱ (የጥናቱ አጭር ማጠቃለያ) ይመጣል። ሙሉውን ልክፈት ስል ግን ከ30 ዶላር በላይ ክፈል ይለኛል። ያውም ለአንድ አርቲክል፣ ያውም ተማሪን!

ጋሼ «አምስት ሳንቲም እንዳታወጣ» አሉና ሂናሪን አስከፈቱኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ከትልልቅ አሳታሚዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው፣ የጤና ጆርናሎች የሚነበቡበት የኢንተርኔት አገልግሎት ነው። ዛሬ ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው ሥር ይገኛል። የኢትዮጵያ ተቋማት በነፃ ይገቡበታል። ፓስወርዱን ከላይብረሪ ትጠይቃላችሁ። ግብርና የምትማሩ ደግሞ እዚያው አጎራ የሚባል አለላችሁ።

ከሁሉ የበለጠው ግን የፍለጋው ነገር ነው። ጋሼ ማውሱን አይነኩም፤ አንተው ነህ የምትሠራው። መጀመሪያ ወረቀት ላይ አስጻፉኝ። የጫትን የእንግሊዝኛ አጻጻፎች፣ «ኻት»ንም «ቃት»ንም፣ ሳይንሳዊ ስሙን «ካታ ኢዱሊስ»ንም ጨምረን በ«ኦር» አያይዘን በቅንፍ ከተትናቸው። ቀጥሎ «ኤንድ»። ከዚያ «በርዝ ዌይት» የሚለውን፣ ሁለቱ ቃል እንዳይለያይ በጥቅስ ምልክት ውስጥ። ፐብሜድ በሚባለው የሕክምና ጥናቶች መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ ስናስገባው የየመኖቹ ጥናቶች ሳይቀሩ ተግተልትለው መጡ። «ኦር» ያሰፋል፣ «ኤንድ» ያጠባል። ክፍል ውስጥ ሰምቼው ነበር፤ የገባኝ ግን ያን ዕለት ነው።

አንድ ጥሩ አርቲክል ከተገኘ ደግሞ ከኋላው ያሉትን ማጣቀሻዎች ያስቆፍሯችኋል። ከዚያ ጉግል ስኮላር ላይ እሱን ማን እንደጠቀሰው ያሳዩዋችኋል። የአገር ውስጥ ጆርናሎችን ለሚፈልግ አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይንን ይጠቁማሉ። አድቫይዘሮች የአገር ቤት ጥናት የታለ ማለት ስለሚወዱ ይህቺን አትዝለሏት።

ስትሄዱ ጥያቄያችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ሂዱ። «ስለ ወባ አርቲክል ይፈልጉልኝ» ብሎ የሚመጣን ተማሪ መልሰው ይልኩታል፤ እውነታቸውን ነው። ከሰዓት በኋላ ኔትወርኩ ስለሚጨናነቅ ጠዋት ይሻላል። ፍላሽም ያዙ።

አቦ ጋሼ፣ ይመችዎት!